ያረጀ ሞተር ጉልበቱን የት ጣለው?

ፒክአፕ መኪና በክፍለ ሀገር ከተሞች የማይሠራው ሥራ የለም። ማለዳ ከገበሬው አውድማ እህል ይጭናል፤ ረፋድ ላይ ለጦር ክፍሉ ውሃና ስንቅ ያደርሳል፤ ሌሊት ደግሞ ምጥ የጠናባትን እናት ፍራሽ ላይ አሳርፎ ወደ ሆስፒታል ይገሰግሳል። ይህን ሁሉ ሲፈጽም ሃያና ሠላሳ ዓመት የቆየ መኪና አንድ ቀን ዳገት ላይ ሲለግም፣ ባለቤቱ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ የሚያቀርበው ልመና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ጋሼ፣ እባክዎ ለዚህ ሞተር ጉልበት ይጨምሩልኝ» ይላል። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ መካኒክ ግን ልመናውን በጥያቄ ይመልሳል፤ «ልጄ፣ የነበረው ጉልበት የት ሄደ?»

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ጥያቄ ነው። ባረጀ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ «ተጨመረ» የሚባለው ጉልበት አብዛኛው ቀድሞ የነበረ፣ በእርጅናና በቸልታ የባከነ፣ በጥቂት ገንዘብና በብዙ ትዕግሥት ሊመለስ የሚችል ነው። ከዚያ አልፎ በእርግጥ የሚጨመር ጉልበትም አለ። የዚህኛው ዋጋ ግን በባለቤቱ ኪስ ብቻ አያበቃም፤ ራዲያተሩም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ፍሬኑም ድርሻቸውን ይከፍላሉ።

ነገሩን በጥቅሉ ከማውራት አንድ የታወቀ ሞተር ይዞ መነጋገር ይሻላል። በቶዮታ ሂሉክስ ላይ ይገጠም የነበረው 22አር የተባለው የቤንዚን ሞተር ለዚህ ተስማሚ ነው። ይህ ሞተር በ1981 እ.ኤ.አ. ከእርሱ በፊት የነበረውን 20አርን የተካ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ስፋት 92 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ የጉዞ ርዝመት 89 ሚሊ ሜትር፣ የአራቱ ሲሊንደሮች ጠቅላላ ይዘት 2,366 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ካምሻፍቱም ከላይ ተቀምጦ በሰንሰለት የሚዞር ነው። በካርቡራተር የሚሠራው ዓይነት ለአሜሪካ ገበያ በወጣበት ልክ በደቂቃ በ4,800 ዙር 97 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ የመጠምዘዝ ኃይሉ ጫፍ የሚደርሰው ግን በ2,800 ዙር ላይ ነው። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር አንባቢያችን እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ወደ በኋላ ይጠቅመናል።

ሞተር ቤንዚን የሚበላ ይመስላል እንጂ ዋናው ምግቡ አየር ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ከላይ የጠቀስነው ሞተር በ4,800 ዙር ሲሠራ ሲሊንደሮቹ እስከ አፋቸው ቢሞሉ ኖሮ በአንድ ደቂቃ 5,700 ሊትር አካባቢ አየር በዋጠ ነበር። ሲሊንደሩ በሊትር ይለካል፤ እሳቱ ግን የሚፈልገው በኪሎ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አንድ ሊትር አየር የሚመዝነው እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። እንግዲህ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ውስጥ የሚኖር አዲስ፣ ጤነኛ፣ ምንም እንከን የሌለበት 22አር ሞተር 97 ሳይሆን 75 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው ያለው። ሃያ የሚበልጡ ፈረሶች ከመንገድ ሳይወጡ፣ በረት ውስጥ እንዳሉ ጠፍተዋል ማለት ነው።

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሾፌር ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ድልድዩ አጠገብ አየሩ ስለሚወፍር ሞተሩ ሕይወት የዘራ ይመስላል፤ በዚያ ከፍታ የሚያጣው ከመቶ አሥር ያህሉን ብቻ ነውና። ዳገቱን ግማሽ ከወጣ በኋላ ግን ያው መኪና ያንኑ ጭነት ይዞ ማርሽ ይቀንስ ይቀንስና በመጨረሻ በሁለተኛ ማርሽ መንፏቀቅ ይጀምራል። ባለቤቱም «ሞተሩ አለቀ» ብሎ ይደመድማል። አላለቀም። ትንፋሽ አጥሮት ነው።

እዚህ ላይ በደጋ አገር ብዙ ሞተር ያለ ጊዜው ያስፈታ አንድ የመለኪያ ጉዳይ አለ። የሲሊንደር እመቃ፣ መካኒኮቻችን ኮምፕሬሽን የሚሉት ማለት ነው፣ በካንዴላው ቀዳዳ በሚገባ መለኪያ ይመረመራል። ለ22አር በፋብሪካው የተሰጠው ልክ በካሬ ሴንቲ ሜትር 12 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ ከ10 በታች ከወረደ ሞተሩ ይፈታ ይላል። ይህ ልክ የተሰጠው ግን ለባሕር ወለል ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሊንደሩ ገና ከመነሻው የሚስበው አየር በአንድ አራተኛ የሳሳ ስለሆነ፣ ፍጹም ጤነኛ የሆነው ሞተር ራሱ በመለኪያው ላይ የሚያሳየው 9 አካባቢ ነው። ይህ ጸሐፊ በአንድ የጥገና ቦታ 9 ያነበበ መለኪያ እንደ ሞት ፍርድ ተቆጥሮ ሞተሩ ሲፈታ፣ ፋሻውም ሲሊንደሩም እንከን ሳይገኝባቸው በአዲስ ጓርኒሲዮን ተመልሶ ሲገጠም ተመልክቷል። የተወሰደው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነበር፤ መኪናው በነዚያ ሁለት ሳምንታት የሚያደርሰው ውሃ ደግሞ በአህያ ደረሰ። በደጋ አገር ከቁጥሩ መጠን ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው መታየት ያለበት። ልዩነቱ ከአንድ ኪሎ ካልበለጠ ሞተሩን አትንኩት። አንዱ ሲሊንደር ብቻውን ከወረደ ደግሞ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻ፣ ባለበት ከቀረ የቫልቭ ነው።

እመቃው ደህና ከሆነ የጠፋውን ጉልበት ፍለጋ ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት ይገባል። መጀመሪያ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ማርሹን ፈትቶ በእጅ መግፋት ነው። ሁለት ሰው ገፍቶ የማይነቀንቀው ባዶ ፒክአፕ ችግሩ ሞተሩ ላይ አይደለም፤ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል፣ ወይም የጎማው ነፋስ ጎድሏል። ቀጥሎ ፍሪሲዮኑ ይፈተናል። ዳገት ላይ የሞተሩ ጩኸት እየጨመረ የመኪናው ፍጥነት የማይጨምር ከሆነ፣ ጉልበቱ በፍሪሲዮኑ ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ እየተነነ ነው። የነዳጁን እግር መርገጫ እስከ ወለሉ ረግጦ የካርቡራተሩ በር እስከ መጨረሻው መከፈቱን ማየትም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ገመዱ ረግቦ በሩ ሦስት አራተኛ ብቻ የሚከፈትለት መኪና ስንት እንደሆነ ቢቆጠር ያስገርማል።

የቫልቭ ክፍተት ሌላው ነው። በዚህ ሞተር ላይ ሞቆ ሳለ ለመሳቢያው ቫልቭ 0.20፣ ለማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ሊኖረው ይገባል። ሾፌሮቻችን የቫልቭ «ታክ ታክ» ድምፅ ስለማይወዱ፣ ድምፁን ለማጥፋት ሲባል ክፍተቱ ከልክ በላይ ይጠባል። ድምፁ ይጠፋል፤ ቫልቩም በሚገባ ስለማይዘጋ ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ማስወጫ ቫልቭ የጋለ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በመቀመጫው ላይ ባረፈበት ቅጽበት ነውና፣ ዕረፍት የተነፈገ ቫልቭ ዕድሜ የለውም። ጥቂት የሚያንኳኳ ቫልቭ ጸጥ ካለው ይሻላል።

የእሳቱ ጊዜ ከሁሉ በላይ ሊተኮርበት የሚገባ ነው። ካንዴላው እሳት የሚረጨው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ የሞተሩ ዙር በጨመረ ቁጥር የበለጠ መቅደም አለበት። ይህን የሚያስተካክሉት በዲስትሪቢዩተሩ ሆድ ውስጥ ያሉት ሁለት ትናንሽ ክብደቶችና ከጎኑ ያለው በአየር ስበት የሚሠራ ሸራ ናቸው። በአሮጌ መኪና ላይ ክብደቶቹ በደረቀ ቅባት ተጣብቀው፣ ሸራውም ተቀዶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሸራውን ለመመርመር መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቀጭኗን የጎማ ቱቦ ከካርቡራተሩ በኩል ነቅሎ በአፍ መሳብና ጫፏን በምላስ መድፈን ይበቃል። ምላስን ይዛ ከቆየች ሸራው ደህና ነው፤ ወዲያው ከለቀቀች ተቀዷል። በዚህች ቅዳጅ ምክንያት የሚባክነው ቤንዚን በዓመት ሲታሰብ የአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ ሳያክል አይቀርም።

ከፍታ ከዚህ ጋር ይገናኛል። የሳሳ አየር በዝግታ ስለሚቃጠል በደጋ አገር የእሳቱን ጊዜ ከፋብሪካው ልክ ሁለት እስከ አራት ዲግሪ ማስቀደም ሞተሩን በግልጽ ያነቃዋል፤ ይህም አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። ካርቡራተሩም እንዲሁ ነው። ለባሕር ወለል የተለካ የቤንዚን ቀዳዳ፣ ጄት የሚሉት፣ ከፍታ ላይ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ቤንዚን ያበዛል፤ ምልክቱ ጥቁር ጭስና ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ነው። ቶዮታ ራሱ ለአንዳንድ አገሮች በላካቸው መኪኖች ላይ ለከፍታ የሚያካክስ መሣሪያ ይገጥም ነበር። እርሱ በሌለበት መኪና ላይ ጄቱን በአንድ ደረጃ ማጥበብ የቤንዚኑን ወጪም የሞተሩንም ስንፍና ይቀንሳል። ግንባሩ ላይ ቡናማ ቀለም የያዘ ካንዴላ ጥሩ ነው፤ ነጭ ሆኖ የተጠበሰ ከሆነ ግን ጠበብ ማድረጉ ከልክ አልፏል።

የ22አር ሞተር የራሱ የሆነ አንድ ድብቅ በሽታም አለው፤ የካምሻፍቱ ሰንሰለት ነው። ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለ ሁለት ረድፉ ሰንሰለት በባለ አንድ ረድፍ ተተክቶ፣ ሰንሰለቱን በጎን የሚይዙት መሪዎችም የፕላስቲክ ፊት ያላቸው ሆነዋል። ፕላስቲኩ በዕድሜ ይሰበራል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ከፊት በኩል የሚሰማው የሰንሰለት መንኳኳት ማስጠንቀቂያው ነው። የረገበ ሰንሰለት ካምሻፍቱን ወደ ኋላ ስለሚያስቀር በዝቅተኛ ዙር ላይ ያለውን ጉልበት ይሰርቃል፤ ችላ ከተባለም የፊቱን ክዳን ከውስጥ እያረሰ የራዲያተሩን ውሃ ወደ ዘይቱ ይከፍታል። የዘይት መለኪያውን ሲመዙ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከታየ መኪናው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መነሣት የለበትም። የቫልቭ ክዳኑን አንሥቶ በባትሪ መብራት ቁልቁል በመመልከት ብቻ የመሪዎቹን ሁኔታ ማወቅ ይቻላል።

በዚህ አጋጣሚ በአገራችን ጋራዦች ሥር ስለሰደደ አንድ ልማድ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። መኪና በሞቀ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። ይህ ትኩሳት የያዘውን ሰው ብርድ ልብሱን ገፎ እንደ መተው ያለ ሕክምና ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደጋው ቅዝቃዜ ሙቀቱን ሳያገኝ ይውላል፤ ቤንዚኑ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ዘይቱን ያጥባል፤ ፋሻና ሲሊንደር ይበላሉ፤ ጉልበትም ይወርዳል። ለመሞቁ እውነተኛው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የተደፈነ ራዲያተር ወይም ያረጀ የራዲያተር ክዳን ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ሲይዝ ግን የመፍያው ነጥብ ከ110 በላይ ይደርሳል። የላላ ክዳን ማለት ሃያ ዲግሪ መጠባበቂያ ጠፋ ማለት ነው። ክዳኑ የሚገዛው በጥቂት ብር ነው፤ የተቆለመመ ቴስታታ ግን የወር ደመወዝ ይጠይቃል።

እስከዚህ ያልነው ሁሉ ከተፈጸመ አብዛኛው ባለ መኪና ጥያቄው ተመልሶለት ወደ ሥራው ይሄዳል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ግን አለ፤ መብቱም ነው። እንግዲያው መጨመር ስለሚባለው እንነጋገር።

ከሁሉ በፊት ገበያ ላይ የሚቀርብለት ዌበር 32/36 የተባለው ካርቡራተር ነው። ባለ ሁለት ጉሮሮ ሲሆን፣ አንደኛው 32 ሁለተኛው 36 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው፤ አሠራሩ ቀላል፣ ጄቱም በቀላሉ የሚለወጥ በመሆኑ ለደጋ አገር ጥሩ ዕቃ ነው። ነገር ግን የቶዮታው የራሱ ካርቡራተርም ባለ ሁለት ጉሮሮ መሆኑን ብዙዎች አያውቁም። ሁለተኛው ጉሮሮ የሚከፈተው በአየር ስበት በሚንቀሳቀስ ሸራ ሲሆን፣ ይህች ሸራ ከተቀደደች በሩ ጨርሶ አይከፈትም፤ ሞተሩ በግማሽ ጉሮሮ ይተነፍሳል። ባለቤቱ ዌበር ገዝቶ ሲገጥም መኪናው «በረረ» ይላል። የበረረው ግን ሁለተኛው በር በመከፈቱ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ነው፤ ሸራዋን መለወጥ ይበቃ ነበር።

የጭስ ማውጫውን ማስተካከል ዋጋ ያለው ሥራ ነው፤ ከብረት የተጣለውን ማስወጫ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የተለየ ቱቦ ባለው መለወጥና ከኋላ ያለውን ቱቦ ጥቂት ማስፋት ሞተሩን ያሳርፈዋል። ማርሚታውን ቆርጦ መጣል ግን ጩኸት እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ለከተማው ሕዝብ ጩኸቱ ሁከት ነው፤ ለወታደር ደግሞ ከተራራው ማዶ ሆኖ መምጣቱን ለሚያዳምጥ ሁሉ አስቀድሞ ማስታወቅ ነው። ከዚህ ይልቅ ፊልትሮው የሚስበው አየር ከጋለው ኮፈን ሥር ሳይሆን ከፊት ካለው ቀዝቃዛ ቦታ እንዲሆን አንድ ቱቦ መዘርጋት ይመረጣል። አየሩ በሦስት ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር አንድ በመቶ ያህል ይወፍራል፤ በኮፈን ሥርና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ሠላሳ ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

ሲሊንደሩን በማስፋት ጉልበት አገኛለሁ የሚል ሰው ሒሳቡን ይሥራ። በግማሽ ሚሊ ሜትር የሰፋ ፒስተን የሞተሩን ይዘት ከ2,366 ወደ 2,392 ያደርሰዋል፤ በአንድ ሚሊ ሜትር የሰፋው ደግሞ ወደ 2,418። ጭማሪው በመቶ ሁለት ብቻ ነው። ሲሊንደር የሚሰፋው ያለቀን ግድግዳ ለማዳን ነው፤ ጉልበት የመጣው ከስፋቱ ሳይሆን ከአዲሱ ፋሻ ነው። ቴስታታውን በማስላጨት እመቃውን ከፍ ማድረግ በደጋ አገር ከቆላው የተሻለ ትርጉም አለው፤ አየሩ የሳሳ በመሆኑ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው የመፈንዳት አደጋው ይቀንሳልና። ይሁን እንጂ ቴስታታው በተላጨ መጠን ወደ ክራንክሻፍቱ ስለሚጠጋ ሰንሰለቱ ይረግባል፣ ካምሻፍቱም ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ሳያርም የገጠመ መካኒክ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ወስዷል። ደግሞም ያ መኪና አንድ ቀን ጭነት ይዞ ወደ ቆላ ይወርዳል።

ካምሻፍት መለወጥን በተመለከተ አንባቢያችን እንዲይዝልን የጠየቅነውን ቁጥር እናንሣ። የዚህ ሞተር የመጠምዘዝ ኃይል ጫፍ የሚደርሰው በ2,800 ዙር ነው፤ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ፒክአፕም ዕድሜውን የሚጨርሰው በ2,000 እና በ3,000 ዙር መካከል ነው። ለውድድር የተሠራ ካምሻፍት ጉልበቱን ወደ 5,000 ዙር ያወጣዋል፤ ከታች ያለውን ግን ያራቁታል። አስፋልት ላይ የሚሽቀዳደም ጎረምሳ ይደሰትበት ይሆናል። ለእህል ጫኝ ግን ኪሳራ ነው።

ቱርቦ ለደጋ አገር የተፈጠረ መሣሪያ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ የሳሳውን አየር አጭቆ ያስገባልና። ቶዮታ ራሱ ከ1986 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሞተር ቱርቦ ገጥሞ 135 የፈረስ ጉልበት አውጥቶበታል። ግን እንዴት እንዳወጣ መታየት አለበት። ካርቡራተሩን ትቶ ቤንዚኑን በመርፌ የሚረጭ ሥርዓት አስገባ፤ እመቃውን ከ9 በላይ ከነበረበት ወደ 7.5 አወረደ። ፋብሪካው እንዲህ የተጠነቀቀበትን ሥራ ከሌላ መኪና በተፈታ ቱርቦ፣ ባልተለወጠ ፒስተንና በካርቡራተር ላይ የሚሞክር ሰው የሚያገኘው ጉልበት ከዓባይ ዳገት አጋማሽ የሚያልፍ አይደለም። ፒስተኑ ቀልጦ በዘይት ማስቀመጫው ውስጥ ይገኛል።

በምሥራቅ አፍሪካ መንገድ ላይ የትኛው ጉልበት እንደሚያሸንፍ የሳፋሪ ራሊ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በተጀመረው በዚህ ውድድር ላይ ፔዦ 404 በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። ሞተሩ አራት ሲሊንደር፣ ይዘቱም 1,618 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብቻ ነበር። በ1963 እና በ1968 በጭቃውና በጎርፉ ምክንያት ውድድሩን የፈጸሙት በየጊዜው ሰባት ሰባት መኪኖች ብቻ ሲሆኑ፣ ከእርሱ የበለጠ ሞተር የያዙት ብዙዎቹ በየጥሻው ቆመው ቀርተዋል። ወታደር አንባቢያችንም በ1987 እ.ኤ.አ. የቻድ ጦር በቶዮታ ፒክአፖች የሊቢያን ታንኮች በፋዳና በዋዲ ዱም እንዴት እንደመታ ሰምቶ ይሆናል። የነዚያ መኪኖች ኃይል ቀላልነታቸውና ፍጥነታቸው ነበር። እኛ ግን በአንድ ቶን መኪና ላይ የብረት ጣሪያ፣ የብረት መከላከያ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ በርሜል ውሃና አሥራ ሁለት ሰው ጭነን ስናበቃ ሞተሩን እንወቅሳለን። መቶ ኪሎ ማውረድ ነጻ ነው።

ጎማም እንዲሁ ነው። ለግርማው ሲባል ከልኩ በላይ የሆነ ጎማ የተገጠመለት መኪና የማርሹ ልክ ይበላሻል፤ በእያንዳንዱ ዙር ረጅም መንገድ እንዲሄድ ስለሚገደድ ሳያስበው ሁልጊዜ በአንድ ማርሽ ከፍ ብሎ እንደሚነዳ ይሆናል። ጎማውን ወደ ልኩ መመለስ የማይፈልግ የዲፈረንሻሉን ጥርስ ይለውጥ። ከ4.10 ወደ 4.56 የተለወጠ ጥርስ ሞተሩ ሳይነካ ጎማው ላይ የሚደርሰውን የመጎተት ኃይል በ11 በመቶ ይጨምራል። በሜዳ ላይ ፍጥነቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ዳገት ለሚበዛበት አገር ግን በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት ጭማሪዎች ሁሉ ይህ ጸሐፊ የሚመርጠው ይህንኑ ነው።

ጉልበት የጨመረ ሰው ዳገቱን ሲያስብ ቁልቁለቱን ይረሳል፤ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንደዘነጋው በሬ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። በዚያ መንገድ ላይ ሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው የሚጠይቅ የለም፤ የኋላው የፍሬን ከበሮ ስንት ሚሊ ሜትር ሸራ እንደቀረው ነው ጥያቄው። ጠንካራ ሞተር ብዙ ጭነት እንዲጫን ያባብላል፤ ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው። ስለዚህ ለሞተሩ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የፍሬኑን ዘይት በዚያው ቀን ይለውጥ፤ ዘይቱ ካረጀ ውሃ ይጠጣል፤ በቁልቁለት ሙቀትም ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ የወጣ መኪና ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ማርሽ ይውረድ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። በደጋ ተስተካክሎ የእሳቱ ጊዜ የቀደመለት መኪና ወደ ሞቃቱ ቆላ፣ ወደ አዋሽ ወይም ወደ መተማ፣ ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ሞተሩ ዳገት ላይ ጠጠር በጣሳ ውስጥ እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ ያሰማል። ያን ድምፅ ችላ ብሎ መንዳት ፒስተን ይበሳል። በአንዳንድ የጦር ክፍሎች ያሉ ብልህ ሾፌሮች የሚያደርጉት እንዲህ ነው፤ የእሳቱ ጊዜ በመብራት ሲስተካከል በዲስትሪቢዩተሩ እግር ላይ ሁለት ምልክት በነጭ ቀለም ያስደርጋሉ፤ የላይኛው ለደጋ፣ የታችኛው ለቆላ። ከዚያም በመንገድ ላይ አንዲቱን ቡሎን በ12 ቁልፍ አላልተው ዲስትሪቢዩተሩን ከምልክት ወደ ምልክት ያዞራሉ። ጄቱን ግን በየመንገዱ መለዋወጥ ስለማይመች፣ በደጋና በቆላ መካከል የሚመላለስ መኪና ለደጋ ከሚጠበበው ግማሽ ያህል ብቻ ይጠበብለታል። የተለወጠው የጄት ቁጥርና የእሳቱ ዲግሪም በወረቀት ተጽፎ ከኮፈኑ ሥር ይለጠፋል፤ ቀጣዩ ሾፌርና ቀጣዩ መካኒክ ምን እንደተደረገ እንዲያውቁ።